ባሻ ይርጉ ያልነቀሉት ጥርስ

በ1929 ዓ.ም. ክረምት፣ በቡሄ ማግስት፣ ባሻ ይርጉ ማረፋቸውን ሰማሁ። የነገሩኝ የንስሐ አባቴ መምሬ ክፍሌ ናቸው። ቅዳሴ ሲያልቅ ከልደታ ማርያም ቅጥር ጥግ፣ ዝናቡ ከማያገኘን ቦታ አስጠርተውኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ያረፉት ግን ያን ሰሞን አልነበረም። ሦስት ሳምንት አልፏቸዋል። በሰላም ያውጣቸው እያልኩ ስሰግድላቸው በሰነበትኩባቸው ቀናት ሁሉ እርሳቸው አፈር ውስጥ ነበሩ። የት እንደተቀበሩ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

የዚያ ዓመት ቡሄ ጅራፍ አልጮኸበትም። ድምፁ ተኩስ ይመስላል ተብሎ ተፈርቶ፣ ወላጆች ጅራፉን ከልጆቻቸው እየቀሙ ደበቁ። እኔም የግራ ጉንጬ አብጦ፣ አፌ ከአንድ ጣት በላይ አልከፈት ብሎኝ፣ የሦስት ወር ልጄን ታቅፌ ከቤተ ክርስቲያን ቤቴ እመላለስ ነበር። ባሻ ይርጉ ሊነቅሉልኝ የነበረው የመጨረሻው መንጋጋ አሁንም አፌ ውስጥ ነበር።

ቃል የማበዛ ሰው አይደለሁም። ስለ እኚህ ሰው ግን ሳልጽፍ ብሞት ውለታ በላ እሆናለሁ።

ባሻ ይርጉ ከልደታ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሲኬድ፣ በሯ ወደ ፀሐይ መውጫ የዞረች አንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ድሮ የአንድ መኮንን ጠመንጃ ጠጋኝ ነበሩ፤ ባሻ የተባሉትም ከዚያው ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ በነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሲያስቡ በአመልካች ጣታቸው የገዛ ጉንጫቸውን ቀስ አድርገው መታ መታ ያደርጋሉ። ያ ጣት ሥራውን ከጀመረ፣ መልሱ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይናገራቸውም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ እንኳ፣ የጀመሩትን ወሬ አቋርጠው ይጠብቋቸዋል።

ጣልያን ከተማውን ሲይዝ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። ባሻ የጠመንጃ ዕቃቸውን በሙሉ በጆንያ ተሸክመው ሄደው አስረከቡ። ሲመለሱ መደቡ ላይ የቀራቸው አንድ ሞረድ፣ አንድ መዶሻና ሦስት ጉጠት ነበር። ጥርስ መንቀል ከዘመቻ ጊዜ ጀምሮ ያውቁበት ነበርና ከዚያ ወዲያ መተዳደሪያቸው እርሱ ሆነ። "ጠመንጃው የተበላሸበት ሰው ይቆጣኝ ነበር፤ ጥርሱ የተበላሸበት ግን ይለማመጠኛል። አሁን ሳይሻለኝ አይቀርም" ይሉ ነበር። ሲሉት ግን ፊታቸው ላይ ሳቅ አይታይም።

አንድ ጥርስ ለመንቀል ሰውን ሦስት ጊዜ ያስመጡት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ዝቅ ባለች በርጩማ ላይ አስቀምጠው፣ በስባሪ መስታወት የጠዋት ፀሐይ ወደ አፉ እያበሩ ያያሉ። እጃቸውን በሎሚና በሙቅ ውኃ ታጥበው ድዱን ይዳስሳሉ። ከዚያ የክርስትና ስሙን ጠይቀው ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ሲወለድ የወጣለትን፣ ጎረቤት የሚጠራበትን ስም አይጠይቁም። በሁለተኛው ቀን፣ "ምን አሰብክ? ይነቀል ወይስ ይቆይ?" ይላሉ። ይነቀል ያለ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ሦስተኛው ቀን ደግሞ ፀሐይ ያለበት መሆን አለበት። ጥላ ባለበት አፍ ውስጥ ጉጠት አላስገባም ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ የታወቀ ነጋዴ በበቅሎ መጣ አሉ። ጉንጩ አብጦ፣ ገና ከበር ላይ መጮህ ጀመረ። ዛሬውኑ ነቅለህ ካልሰጠኸኝ ብሎ ቁጭ አለ። ባሻም፣ "ዛሬ ስምዎን ይስጡኝ፤ ጥርስዎን ሌላ ቀን እወስዳለሁ" አሉት።

"ማን መስዬህ ነው?" አለ ነጋዴው።

"ጥርሱን ያመመው ሰው መስለውኝ ነበር። ተሳሳትኩ እንዴ?"

ነጋዴው እየተራገመ ሄደ። በሁለተኛው ቀን እያጉረመረመ መጣ። በሦስተኛው ቀን ተነቀለለትና ትከሻቸውን ስሞ ሄደ። ይህን የሚያወሩት እትዬ የሺ ናቸው። ባሻ አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስል ያዳምጣሉ።

ሦስት ጊዜ የሚያመላልሱበትን ምክንያትም የነገሩኝ እትዬ የሺ ናቸው። ባሻ ገና ጎልማሳ ሳሉ አንዲት ወጣት ሴት በሕመም አብዳ እየሮጠች መጣች። ወዲያው ነቀሉላት። ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ሰው ቤት ለሥራ የገባች፣ ዘመድ የሌላት እንግዳ ነበረች። ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱላት የክርስትና ስሟን ሲጠይቁ የሚያውቅ ጠፋ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲህ ሆኑ" አሉኝ እትዬ የሺ። ባሻ ደብተራቸው ላይ የጻፉትን ስም ሁሉ በየማለዳው በጸሎታቸው ያነሱት ነበር። የዳነውንም ያልዳነውንም።

የእኔ ጥርስ የጀመረኝ በሰኔ ነው። ልጄ ከተወለደች ወር አልሞላትም። ባለቤቴ በየካቲት ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። በየካቲት የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋልና አልጽፈውም። ከልጄ በቀር ማንም አልነበረኝም፤ ለእርስዋም ከእኔ በቀር።

መጀመሪያ ከመንጋጋዬ መጨረሻ ድዱ ቆጠቆጠኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ አዲስ ጥርስ እየበቀለብኝ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት መሳቅ አልቻልኩም። ጉንጬ አበጠ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ ማኘክ አቃተኝ። አጥሚትና የተልባ ውኃ እየጠጣሁ ከረምኩ። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ጡቴ መጉደል ጀመረ። ልጄ ጠብታ ፍለጋ ስትጎትት፣ አጥታ ስታለቅስ፣ የጥርሱን ሕመም እረሳው ነበር።

እንዲህ ሆኜ ባሻ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ የሺ ልጄን ተቀበሉኝ። ባሻ አዩ፣ ዳሰሱ፣ ጉንጫቸውን መታ መታ አደረጉ። ጥርሱ እንደ ሌላው ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ተጋድሟል፣ የጎረቤቱን ሥር እየገፋ ነው አሉኝ። ከዚያ ስሜን ጠየቁኝ። ወለተ ኪዳን አልኳቸው። በደብተራቸው ግርጌ ጻፉትና ቅርንፉድ ሰጥተው አሰናበቱኝ።

ለሁለተኛው ቀን የሄድኩት ሐምሌ አምስት፣ በአቦ ዕለት ነው። ሌሊቱን ስለ አንዲት የሰፈራችን ሴት ሳስብ አድሬ ነበር። ሌላ ሰፈር ሄዳ የኋላ መንጋጋዋን አስነቅላ መንጋጋዋ ተመርዞ ሞታለች። ጥርሱን ባስነቅለውና ብሞት ልጄ ወዴት ትወድቃለች? ባላስነቅለውና ወተቴ ቢደርቅስ? ሁለቱን እያገላበጥኩ ነጋ።

"ምን አሰብሽ?" አሉኝ ባሻ።

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"እኔ እጅ ነኝ። አሳቡ ያንቺ ነው።"

"ልጅዎ ብሆንስ ኖሮ?"

ጣታቸው ወደ ጉንጫቸው ሄደ። "ልጄ ብትሆኚ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በችኮላ ጎትቼልሽ፣ ገድዬሽ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሳለቅስ እኖር ነበር። እንኳን ልጄ አልሆንሽ።"

"ይተዉአት እንጂ! የቀረችውንም ወተት በድንጋጤ ሊያደርቁባት ነው?" አሉ እትዬ የሺ ከጓዳ።

ሳቅኩ፤ መሳቁ አመመኝ። ይነቀል አልኩ። ፀሐይ የወጣ ዕለት እንዲጠሩኝ ተነጋግረን ተለያየን።

ፀሐይ ግን አልወጣችም። ሐምሌ ነውና ሰማዩ እንደ ተከደነ ይነጋል፣ እንደ ተከደነ ይመሻል። በመካከሉ አንዲት ጎረቤቴ ጣልያን በከፈተው ሐኪም ቤት መብራት እያበሩ በቀንም በጨለማም ይነቅላሉ ብላ ነገረችኝ። ደግሞ መልሳ፣ እዚያ የገባ የአገሬው ሰው በመርፌ ይሞታል፣ ባይሞትም ባንዳ ይባላል አለችኝ። የባሻ አሳብ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ የራሳቸው ጥርስ ታምሞ፣ እትዬ የሺ እዚያው ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ለምነዋቸው ነበር። "አፌን ጣልያን ከሚያየው ጥርሴ ሁሉ ይርገፍ" ብለው፣ መስታወቱን እትዬ የሺን አስይዘው፣ በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ሥሩ ጠመዝማዛ ሆኖባቸው እስከ እኩለ ቀን ድረስ ፈጀባቸው አሉ።

ሐምሌ ዘጠኝ ቀን ፀሐይ ወጣች። እንደ መስከረም ፀሐይ ያለች ነበረች። እትዬ የሺ ራሳቸው ነጠላቸውን ሳያጣፉ እየሮጡ መጥተው፣ "ተነሺ፣ ሳይዳምን" አሉኝ።

እኔ ግን በዚያን ጠዋት ሌላ አሳብ ይዤ ነበር። ልጄ ነሐሴ ሁለት ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ክርስትና ስትነሣ አብሬያት ልቆርብ አስቤያለሁ። ከባለቤቴ ጋር በቁርባን ነው የተጋባነው፤ እርሱ በሌለበት ይህንን እንኳ ላድርግላት ብዬ ነበር። አፉ የሚደማ ሰው ደግሞ አይቆርብም። ጥርሱን አስነቅዬ ቁስሉ ሳይደርቅ ቀኑ ቢደርስስ?

ሄጄ ለባሻ ነገርኳቸው። በሩ ላይ ፀሐይዋ ውስጥ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን ታጥበው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው።

"ከሦስት ሳምንት በላይ አለሽ። ይደርቃል" አሉኝ።

"ባይደርቅስ?"

"ባይደርቅስ ካልሽኝ፣ አላውቅም እልሻለሁ። ዋሽቼ አላስቀምጥሽም።"

ከክርስትናው በኋላ ይሁን አልኩ። ቅር ያላቸው ይመስለኛል፤ ሰማዩን ቀና ብለው ማየታቸውን አስታውሳለሁ። እጅጌያቸውን አወረዱና፣ "እንግዲህ ቅርንፉዱን አታቋርጪ፤ ውኃ በጨው አፍልተሽ ተጉመጥመጪ" ብለው ሸኙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ተወሰዱ።

ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ እየተመላለሰ የሚገባበት ቤት ነውና የጠቆመ ሰው ነበር። ሁለት የካራቢኔሪ ፖሊሶችና አንድ አስተርጓሚ መጡ። ቤቱን ሲያገላብጡ ጉጠቶቹንና ደብተሩን አገኙ። ወደ ሰባ የሚሆን ስም በተርታ ተጽፎበታል፤ ከስም በቀር አንድ ቃል የለበትም። እትዬ የሺ ሲነግሩኝ አስተርጓሚው ቆሞ ያነብ ነበር አሉኝ። ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እያለ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ።

"እነማን ናቸው?" አላቸው።

"ጥርሶች ናቸው" አሉ ባሻ።

አስተርጓሚው ለጣልያኖቹ ነገራቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ አንደኛው በጥፊ መታቸው።

የሽፍቶች ስም ዝርዝር ነው ተባለ። እትዬ የሺ ለጥቂት ቀናት ስንቅ አመላለሱላቸው። በዚያ ጊዜ የሰሙት ይህ ነው፤ ጥርስ ከሆነ ሰዎቹን ጠቁም፣ መጥተው አፋቸውን ይክፈቱ፣ አንተም ቤትህ ትገባለህ ብለዋቸዋል። ባሻም በየቀኑ አንድ መልስ መለሱ። "በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላውቅም።" ይህ ውሸት አልነበረም። በሰፈራችን በክርስትና ስሙ የሚጠራ ሰው የለም። ያን ስም የሚያውቁት እናት፣ የክርስትና እናትና የንስሐ አባት ናቸው። ደግሞም ባሻ።

በኋላ ስንቅ አንቀበልም ተባለ። ቤቱም ጥበቃ ቆመበትና እትዬ የሺ እኅታቸው ዘንድ ተጠጉ።

ጥርሴ ተነቅሎልኝ ቢሆን ኖሮ ሄጄ ባዶውን ቦታ አሳይላቸው ነበር እያልኩ ለራሴ እናገር ነበር። እንዲህ ማለት ለእኔ ቀላል ነበር፤ የማሳየው ባዶ ቦታ የለኝማ። የተነቀለላቸው ሰዎችም አልሄዱም። አልፈርድባቸውም። በዚያ ሰሞን በሰፈሩ አፉን ከፍቶ የሚስቅ ሰው አልነበረም። ሰው ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ በነጠላው ጫፍ ከንፈሩን ይከድን ነበር።

ነሐሴ ሁለት ቀን ልጄ ክርስትና ተነሣች። እኔም ቆረብኩ። አፌን በነጠላዬ እንደ ሸፈንኩ፣ ልጄን ታቅፌ ስወጣ፣ በሩ አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ራሱ የተላጨ፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋው፣ ከስቶ የገረጣ ሰው ነው። የሚወጡትን ሴቶች አንድ በአንድ ቀስ ብሎ ይጠይቃል። እኔም ጋ ደረሰ።

"እመቤቴ፣ ወለተ ኪዳን የምትባል ታውቂያለሽ? የምታጠባ ሴት ናት። ግራ ጉንጯ ያበጠ።"

ጉንጬ በነጠላው ውስጥ ነበር። ጣልያኖች ስሜን ከደብተሩ ወስደው ላኩት አልኩ በልቤ።

"አላውቃትም" አልኩት።

ልጄን አየ፤ ከዚያ እኔን። "ጨቅላ ይዘሻል" አለኝ።

"ጨቅላ የያዘ ብዙ ነው" አልኩና አለፍኩት።

ቅዱስ ቁርባን በተቀበልኩበት አፍ፣ እዚያው ቅጥሩ ውስጥ፣ ስሜን ካድኩ። እቤት ገብቼ እስኪመሽ ግድግዳ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ሰውየው በማግስቱም በሠልስቱም መጣ አሉ። ሰላይ ነው ተብሎ ወጣቶች ሊደበድቡት ሲዞሩ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የከፉ ናቸው። መንጋጋዬ ገጠመ። አጥሚቱን በማንኪያ ጫፍ እየጨለፍኩ አሾልከው ነበር። አንደኛው ጡቴ ፈጽሞ ደረቀ። ልጄ ማልቀስ ቀነሰች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። እኔም ማታ ማታ እነቀላለሁ እላለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ማን ይነቅልልኛል እላለሁ። ሐኪም ቤቱን ሳስበው የባሻ ፊት ይመጣብኛል። እርሳቸው በጣልያን እጅ ሆነው እኔ ሄጄ ለጣልያን አፌን ብከፍት ክህደት መሰለኝ።

በቡሄ ማግስት መምሬ ክፍሌ አስጠሩኝ ብያለሁ። ያ ሰላይ የተባለው ሰው አናጢ ነው አሉኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከባሻ ጋር ታስሮ፣ በሐምሌ መጨረሻ የተፈታ። ባሻ ሳያርፉ፣ ከተፈታህ አድርስልኝ ብለው መልእክት ሰጥተውታል። ሚስቴ ቤት አትሂድ፣ ቤቱን ይጠብቁታል ብለውታል። የክርስትና ስሜን፣ የሕመሜን ምልክትና የምሳለምበትን ደብር ከመንገራቸው በቀር፣ ማን ተብዬ እንደምጠራ፣ የት እንደምኖር አልነገሩትም። ቢይዙትና ቢመቱት እንዳያወጣው ነው። ሰፈሩ አላስጠጋ ሲለው ታምሞ ተኛ፤ በመጨረሻ ስሜን ሊያውቅ የሚችል ቄስ ነው ብሎ ወደ መምሬ መጣ። መምሬም እስኪያምኑት ድረስ ብዙ አስለፉት።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

መምሬ ክፍሌ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ አንድም ሳያጎድሉ ነገሩኝ። "ለወለተ ኪዳን እንዲህ በላት ብለዋል። ጥርሱ የተጋደመ ነው፤ ድዱ ሳይከፈት እንዳይጎተት። ፀሐይ አትጠብቂ። እኔንም አትጠብቂ። ሐኪም ቤቱ ሂጂ። የጣልያንም ቢሆን እጅ እጅ ነው። ይነቀል፤ እኔ ብያለሁ።"

በዕድሜያቸው ሙሉ ለማንም ሰው ይነቀል ብለው የማያውቁ ሰው ነበሩ።

እንዴት እንደሞቱ ጠየቅኩ። ስሞቹን እያነበቡ በየቀኑ ይመቷቸው ነበር። ከሰባው ስም ያንዱንም ባለቤት አልተናገሩም። በመጨረሻው ሳምንት ተኝተው ስለነበር አናጢው ውኃ ያጠጣቸው ነበር። ያን ጊዜ የሚያወሩት ስለዚህ ጥርስ ነው። ጡቷ ይደርቃል እያሉ።

እዚያው ለመምሬ ተናዘዝኩ። አናጢው የጠየቀኝ እኔን ነው፣ አላውቃትም ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው።

"ፈርተሽ ነው?"

"አዎን አባቴ።"

"ለዚህስ ንስሐ እሰጥሻለሁ። ጥርሱን ግን ንስሐ አይነቅለውም።"

በማግስቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ መምሬ ክፍሌና እኔ ለእትዬ የሺ መርዶ ልንነግር እኅታቸው ቤት ሄድን። በሩን የከፈቱልን ራሳቸው እትዬ የሺ ናቸው። ሁለታችንን ሲያዩ ገባቸው። ጮኸው ሊያለቅሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ እኅታቸው ሮጠው በመዳፋቸው ያዙት። ጩኸት ከተሰማ ይመጣሉ። ድንኳን መትከል፣ ሙሾ ማውረድ፣ ለቅሶ መቀመጥ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ ነጠላችንን ነክሰን፣ ያለ ድምፅ አለቀስን። እኔ መንከስ አልቻልኩም።

ሲነጋ እትዬ የሺ ፊታቸውን ጠረጉና ጉንጬን አዩት። ቀጥሎ የልጄን እጅ ይዘው ክሳቷን አዩ። "ስለዚህ ጥርስ ያሉት ነገር አለ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "የጣልያንም ቢሆን እጅ ነው አሉ?" ብለው ደግመው ጠየቁኝ። "እርሳቸው?"

"እርሳቸው።"

ተነሡና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኅታቸው ዛሬ ከቤት አይወጣም፣ ነውር ነው ብለው ሊይዟቸው ሞከሩ። "እዚህ ቁጭ ብዬ አፌን ታፍኜ ከማለቅስላቸው ያሉትን ልፈጽምላቸው" አሉ። ልጄን ከእቅፌ ወስደው አዘሉ።

ዝናብ እየዘነበ ሄድን። ሐኪም ቤቱ ደጅ ብዙ ጠበቅን። ሐኪሙ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። በአስተርጓሚው በኩል፣ ጥርሱ ተጋድሞ ነው የበቀለው፣ ድዱ ሳይከፈት እንዳይጎተት አልኩት። ሐኪሙ መብራቱን አቅርቦ በጠባቧ ክፍተት ረጅም ጊዜ አየ። ይህን ማን ነገረሽ ብሎ አስጠየቀኝ።

እትዬ የሺ ከኋላዬ፣ "ባሌ" አሉ።

አስተርጓሚው ባልሽ የት ነው አላላቸውም። የተዘቀዘቀውን የሐዘን ነጠላቸውን አይቶ መሬት መሬት አየ።

እትዬ የሺ ልጄን በጀርባቸው እሹሩሩ እያሉ ከወንበሩ አጠገብ ቆሙልኝ። ተቀመጥኩ፣ አማተብኩ፣ አፌን የተቻለኝን ያህል ከፈትኩ።